«ቡድኑን ጥሎ ጠፋ» ስለተባለው አሠልጣኝ

ግንቦት ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.
አሰላ

ለክቡር ቀኛዝማች ኃይለየሱስ ተክሌ
የጭላሎ ብርሃን እግር ኳስ ክለብ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን በትሕትና እጠይቃለሁ። ባለፈው ሰሞን ጉልበትዎን ቁርጥማት ይዞዎት ነበርና እንደተሻለዎት፣ ቤተሰብዎም ደኅና እንደሆነ፣ ጎተራዎም እንደ ወትሮው ሞልቶ እንዳለ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በበኩሌ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። በሕይወት መኖር በክለባችን ውስጥ ለሁሉም የተሰጠ ዕድል ስላልሆነ፣ ለደረሰኝ ድርሻ ምስጋናዬን ሳላቀርብ ማለፍ አልወደድሁም።

ደብዳቤው በአደባባይ የሚነበብ በመሆኑ ለማያውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። ወልደአማኑኤል ገብሬ እባላለሁ። የክለቡ ጸሐፊ ነኝ። ላለፉት ሦስት ዓመታት ቃለ ጉባኤ የያዝሁ፣ ማኅተም የጠበቅሁ፣ በክቡርነትዎ ቸርነትም በግቢዎ ውስጥ ከበረቱ አጠገብ ባለችው ክፍል ያለ ኪራይ የኖርሁ ሰው ነኝ። ክፍሏን ትናንት ለቅቄ ቁልፉን ለዘበኛው ስለሰጠሁ፣ ደብዳቤውን አንብበው እንደጨረሱ እኔን ለማስወጣት እንዳይደክሙ አስቀድሜ ማሳወቅ ይገባኛል።

የአሰላ ሰው ከፋሲካ ወዲህ በየጠጅ ቤቱና በየጋሪ ተራው የሚከራከረው በአንድ ነገር ነው፤ ስድስት ጨዋታ በተከታታይ የተሸነፈ ቡድን አሠልጣኙን መለወጥ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? ከፊሉ ሰው ክቡርነትዎ ደግ ሠሩ ይላል። ከፊሉ ደግሞ ዝም ይላል፤ ዝም የሚለው ምን ማለቱ እንደሆነ እርስዎም አያጡትም። እኔ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይኔ ስላየሁትና አብዛኛውንም በእጄ ስለጻፍሁት፣ ተከራካሪዎቹ እንዳይሳሳቱ የማውቀውን ላቅርብ። «ቅሬታ» የሚለውን ቃል እንደማይወዱት ስለማውቅ ምስጋና ብዬ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አስቀድሜ ግን ስለ ሰውዬው ጥቂት ልበል። አቶ ሁሴኖ ቱሳ በጋሪ ተራ የፈረስ መታጠቂያ የሚሰፉ የሃምሳ ዓመት ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ድሬ ዳዋ በባቡር ጣቢያ ዕቃ እየጫኑ ሲኖሩ ኳስ ተማሩ፤ ቁርጭምጭሚታቸው እስኪሰበርም ድረስ ተጫወቱ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የእኛን ልጆች ያለ ምንም ደመወዝ ሊያሠለጥኑ ተነሡ። ከሰዓት በኋላ ወስፌያቸውን አስቀምጠው እያነከሱ ወደ ሜዳ ይመጣሉ። ኦሮምኛ ለሚቀናው በኦሮምኛ፣ አማርኛ ለሚቀናው በአማርኛ ይናገራሉ፤ ሲናደዱ ሁለቱን ይቀላቅሉታል። «ኳሱን ከመምታትህ በፊት ቀና በል፤ ጓደኛህ የት እንዳለ ካላየህ ምን ልትሠራ መታኸው?» ይሉ ነበር። ልጆቹ ኦቦ ሁሴኖ እያሉ እንደ አባት ያከብሯቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ዋንጫ ያገኘነው በእሳቸው ነው። በሳሎንዎ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ላይ ዋንጫውን በሁለት እጅ ከፍ አድርገው የያዙት ክቡርነትዎ ነዎት። አቶ ሁሴኖ በፎቶግራፉ ላይ የሌሉት በዚያች ሰዓት በቅሎዎን እንዲይዙ ስላዘዟቸው ነው።

አንደኛ፤ ባለፈው ኅዳርና ታኅሣሥ ተጫዋቾቻችንን ወደ ዲክሲስ ወስደው በማሳዎ ላይ ገብስ ስላሳጨዷቸው አመሰግናለሁ። አቶ ሁሴኖ ውድድሩ እንደቀረበ ሊያስረዱዎት ወደ በርዎ ሲመጡ፣ ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ድረስ አቁመው በመጨረሻ አስገቧቸው። «ጌታዬ፣ ግማሾቹን ይውሰዱ፤ ግማሾቹን ይተዉልኝ» አሉዎት። እርስዎም «ማጭድ መያዝ ወገብ ያጠነክራል፤ ይህም ልምምድ ነው» ብለው አሰናበቷቸው። ወገባቸው ምን ያህል እንደጠነከረ በጥር ወር በተደረጉት ሁለት ጨዋታዎች ታየ። በረኛችን መዳፉ ቆስሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር የገባው። ኳሷ እጁ ላይ ባረፈች ቁጥር ፊቱን ሲያኮማትር ከዳር ቆሜ አይቻለሁ። ሁለቱንም ተሸነፍን።

ሁለተኛ፤ የእህትዎን ልጅ አቶ ግዛቸውን የቡድን መሪም የፊት አጥቂም አድርገው ስለሾሙልን አመሰግናለሁ። አቶ ግዛቸው መልካም ጠባይና ከአዲስ አበባ የመጣ መልካም ጫማ ያላቸው ሰው ናቸው። እሳቸው የያዙት ቦታ ግን የከዲሮ ሀሰኖ ነበር። ከዲሮ የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ፣ አባቱ ከሞቱ ወዲህ የእናቱን የወይዘሮ ዘይቱናን መሬት ብቻውን የሚያርስ፣ በዚህ ከተማ ከታዩት ሁሉ ፈጣኑ ተጫዋች ነበር። ከቦታው ተነሥቶ ወደ ክንፍ ሄደ። እየሮጠ ኳሱን ለአቶ ግዛቸው ያደርስላቸዋል፤ አቶ ግዛቸውም ወደ ሰማይ ይሰዱታል። አቶ ሁሴኖ ከዲሮን ወደ ቦታው ሊመልሱት ቢነሡ «የአሰላለፍ ጉዳይ የኮሚቴው ሥልጣን ነው» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤውን በጽሕፈት መኪና የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ከዚያ በኋላ ሦስት ጨዋታ ተሸነፍን። አሠልጣኙ ተጫዋች መምረጥ ካልተፈቀደለት ሽንፈቱን መሸከም ለምን እንደተፈቀደለት እስካሁን ሊገባኝ ባለመቻሉ፣ የአእምሮዬን ድካም ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ።

ሦስተኛ፤ ለመኪናዎ አመሰግናለሁ።

በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ከሲሬ ቡድን ጋር እንድንጫወት ተቀጥረን ነበር። ወደ ሲሬ የሚያደርሰንን የጭነት መኪና ክቡርነትዎ ሲሰጡን በጣም ተደስተን ነበር። ጠዋት ግቢዎ ስንደርስ ግን መኪናው ለሲሬ ነጋዴ በሚሄድ ገብስ እስከ አፉ ተሞልቶ አገኘነው። ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ስላደረ ጆንያው ርሷል። አቶ ሁሴኖ ዙሪያውን ተመለከቱና ገመዱን ጎትተው ሞከሩት። ከዚያም በረንዳው ላይ ወደቆሙት ወደ እርስዎ ተጠጉ።

«ጌታዬ፣ ገመዱ ላልቷል፤ ጆንያውም ረጥቧልና ይንሸራተታል። ወይ ገብሱ ይቅር፣ ወይ ልጆቹ ይቅሩ» አሉ።

«ገብሱ ቃል የተገባበት ነው» አሏቸው።

«እንግዲያው በሌላ ቀን እንጫወት። ሲሬዎችን እኔ ሄጄ እለምናለሁ።»

«አንተ መታጠቂያህን ስፋ!» አሏቸው በሰው ሁሉ ፊት። «ልጆቹ ወጣቶች ናቸው፤ ጠበቅ አድርገው ይያዛሉ።»

አቶ ሁሴኖ ጆንያው ላይ ወጡና ልጆቹን በየቦታቸው አስቀመጡ። ደከም ያሉትን መሐል፣ ጠንካሮቹን ዳር አደረጓቸው። ከዲሮ ጠንካራ ስለነበር ዳር ላይ ደረሰው። እኔ ከጎኑ ነበርሁ። አቶ ግዛቸው ጋቢና ከሾፌሩ ጋር ተቀመጡ።

ሁሩታን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር መኪናው ጭቃው ላይ ተንሸራተተ። ሾፌሩ መሪውን ሲመልሰው የላይኛው የጆንያ ድርድር እንዳለ ወደ ግራ ሄደ። እኔ ገመዱን ያዝሁ። ከዲሮ የያዘው ጆንያውን ነበርና ከጆንያው ጋር ሄደ። ሲወርድ አልጮኸም። የሰማሁት ጆንያዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ሲወድቁ ብቻ ነው።

መኪናው ቆመ። ዘልለን ወርደን ጆንያዎቹን ከላዩ አነሣን። ዓይኖቹ ክፍት ነበሩ፤ ይተነፍሳል፤ ከወገቡ በታች ግን አይንቀሳቀስም። ፊቱ ላይ ጭቃና ገብስ ነበረበት። በሸሚዜ ጠረግሁለት። እጄን ይዞ «ለእናቴ እንዳትነግሯት፤ ሄጄ እኔው እነግራታለሁ» አለኝ።

አቶ ሁሴኖ መኪናው ወደ አሰላ እንዲመለስ ለመኑ። አቶ ግዛቸው ከጋቢናው ወረዱ፤ ከዲሮንም አዩት። ፊታቸው አመድ እንደመሰለ ልመሰክርላቸው ይገባኛል። ሾፌሩ ግን «ገብሱን ሳላደርስ ብመለስ ቀኛዝማች ምን ይሉኛል?» አለ። አቶ ግዛቸውም ጥቂት ቆመው ካሰቡ በኋላ ጨዋታውም እንዳያመልጠን ወደፊት እንሂድ አሉ። የወደቁትን ጆንያዎች ልጆቹ ተሸክመው መልሰው ጫኑ። አንድም አልጎደለም። ይህን የምጽፈው ክቡርነትዎ በዚያ በኩል እንዳያስቡ ነው።

አቶ ሁሴኖ አልሄዱም። ከመንገዱ አጠገብ ከሚኖር ገበሬ ጋሪ ለምነው ድርቆሽ አነጠፉበትና ከዲሮን አስተኝተው ወደ አሰላ ተመለሱ። በዚያች አንካሳ እግራቸው ፈረሱን እየሳቡ፣ ጉድጓድ በደረሱ ቁጥር ጋሪውን በትከሻቸው ደግፈው ቀስ አድርገው እያሳለፉ በእግራቸው ሄዱ። ኢተያ ሳይደርሱ ከዲሮ ሞተ። አቶ ሁሴኖ ጋቢያቸውን አለበሱት። ሬሳውን እናቱ በር ያደረሱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው።

እኔስ? እኔ ወደ ሲሬ ሄድሁ። ጸሐፊ ነኝና ውጤት መመዝገብ ነበረብኝ። በአሥር ሰው ተጫውተን አምስት ለባዶ ተሸነፍን፤ መዘገብሁት። ልጆቹ ሜዳ ላይ እያለቀሱ ይሮጡ ነበር። ተመልካቹ ስለ ሽንፈቱ የሚያለቅሱ መስሎት ይስቅባቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ትቼዋለሁ፤ አራተኛው ምስጋና የሚገባው ለእርስዎ ብቻ አይደለምና።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሳሎንዎ ሰባት ሆነን ተሰበሰብን። ስለ ከዲሮ «ነፍስ ይማር» ተብሎ ወደ አጀንዳው ተገባ። አጀንዳው የቡድኑ መዳከም ነበር። አቶ ሁሴኖ ተጠሩና ከበሩ አጠገብ ቆሙ። ባዶ ወንበር ነበረ፤ ተቀመጥ ያላቸው ግን የለም።

«ቡድኑ ለምን ይሸነፋል?» ብለው ጠየቋቸው።

«ጌታዬ፣ ልጅ ሞቶብኛል። ስለ ኳስ ዛሬ አይጠይቁኝ» አሉ።

«እኮ! አንተ ኃላፊ ሆነህ ሳለ ነው የሞተው። ጨዋታው ሲጀመር የት ነበርህ?»

«ከልጁ ጋር።»

«ሜዳው ላይ ነበርህ ወይስ አልነበርህም? እሱን ብቻ መልስልኝ።»

«አልነበርሁም» አሉ።

ክቡርነትዎም ወደ እኔ ዞረው አጻፉኝ። «አሠልጣኙ ሁሴኖ ቱሳ የተጫዋቾቹን ደኅንነት ባለመጠበቁና በጨዋታው ሰዓት ቡድኑን ጥሎ በመጥፋቱ ከሥራው ተሰናብቷል።» በእጄ ጻፍሁት። በውሳኔው የተስማማ እጁን ያውጣ ሲሉ ስድስት እጅ ወጣ። ሰባተኛው የእኔ ነበር። እጄን ሳወጣ አቶ ሁሴኖ ያዩኝ ነበር። በዚያች ሰዓት ያሰብሁት ስለ ከዲሮ ወይም ስለ እሳቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ባልጻፍሁ፤ ያሰብሁት ስለ መኝታ ክፍሌ ነበር። የክቡርነትዎ ቸርነት በሰው ላይ እንዴት እንደሚሠራ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ያቺ ዐረፍተ ነገር ከሳሎንዎ አልቀረችም። ማስታወቂያ ሆና በሜዳው በር ላይ ተለጠፈች። ማንበብ የሚችል ለማይችለው ነገረው፤ ወሬውም ከከዲሮ አጎቶች ደረሰ። አቶ ሁሴኖ በሳምንቱ ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ አጎቶቹ ከአጥሩ ውጭ ጠበቋቸው። «ልጃችንን ዳር ያስቀመጥኸው አንተ ነህ ይባላል። ሬሳውን ብታመጣልንም፣ አስቀድመህ ጥለኸው ጠፋህ ይባላል። እናቱ እንዳታይህ ተመለስ» አሏቸው። አብሬያቸው ነበርሁ፤ ከሥጋቸው ላይ ሥጋ ሲቆረጥ ያየሁ ያህል ነው። እስኪሞት ድረስ ከልጁ ያልተለዩት እሳቸው ነበሩ። «ዳር ያስቀመጥሁትስ እውነት ነው» ብለው ብቻ ተመለሱ። እኔ አፍ ነበረኝ፤ ለአጎቶቹ እውነቱን መናገር እችል ነበር። አልተናገርሁም።

አዲሱ አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ ከነሰርተፊኬታቸውና ከነፊሽካቸው መጡ። በእሳቸው ላይ የምለው ክፉ ቃል የለም፤ ትሑት ሰው ናቸው። ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ወደ ሜዳ አልሄዱም። ወደ አቶ ሁሴኖ ሱቅ ሄደው በሩ ላይ ተቀመጡ። አቶ ሁሴኖ ቀና ብለው አዩዋቸውና «ምን ልትሆኑ መጣችሁ? ሂዱና ተጫወቱ። ከዲሮ ቢኖር ይጫወት ነበር። አዲሱን ሰውዬ አክብሩት፤ እሱ ምንም አላደረጋችሁም» አሉ። ልጆቹም ታዘዟቸው። ባለፈው እሑድ በአዲሱ አሠልጣኝ መሪነት፣ በአቶ ግዛቸው የፊት አጥቂነት አራት ለአንድ ተሸነፍን። ይህንንም መዝግቤዋለሁ።

እንግዲህ በየጠጅ ቤቱ ለሚከራከሩት የእኔ መልስ ይህ ነው። ደካማ ቡድን አሠልጣኝ መለወጡ ነውር የለውም። በእኛ ክለብ ግን ከተሰናበተው ሰው በስተቀር ሥራውን ያልበደለ አላገኘሁም፤ ከበደሉትም መካከል አንዱ እኔ ነኝ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። አቶ ሁሴኖ ወደ ሥራቸው ይመለሱ ብዬ አልለምንም፤ ጠይቄያቸው አልፈልግም ብለዋል። የአሰላለፍ ሥልጣንዎም፣ መኪናዎም፣ ገብስዎም ይባረክልዎ። ብቻ ከቃለ ጉባኤው ላይ «ቡድኑን ጥሎ በመጥፋቱ» የምትለዋ ትሰረዝ፤ በምትኩም የሆነው ይጻፍ፤ ማስታወቂያውም በተለጠፈበት በር ላይ ይለጠፍ። ክቡርነትዎ ለመሰረዝ እጅዎ ከከበደብዎ፣ የእኔን እጅ ከውሳኔው ላይ አንሥቻለሁና ውሳኔው በስድስት ሰው ድምፅ ብቻ እንደቀረ ይወቁት። ማኅተሙንና መዝገቡን በአቶ ግዛቸው በኩል ልኬያለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ሙሉ ጤናን፣ ያልላላ ገመድንና ደረቅ መንገድን እየተመኘሁ፣ እስከ ትናንት በቤትዎ ያደርሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን የት እንደማድር የማላውቅ፣ ያዘዙኝን ሁሉ ሳልጠይቅ የጻፍሁና ይህን አንዱን ሳልታዘዝ የጻፍሁ፣

ትሑት አገልጋይዎ የነበርሁ
ወልደአማኑኤል ገብሬ

በድጋሚ፤ ደብዳቤው ለእርስዎ ከመድረሱና በሜዳው በር ላይ ከመለጠፉ በፊት ለከዲሮ እናት ለወይዘሮ ዘይቱና በኦሮምኛ አነበብሁላቸው፤ ይህን ፈቃድ ሳልጠይቅ በማድረጌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያም አንዱን አጎት «ሂድና ሁሴኖን ጥራልኝ» ብለው ላኩት። ለእኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። «ይህ የምትጽፍለት ሰውዬ ልጅ አለው?» አሉኝ። አንድ ወንድ ልጅ እንዳለዎት ነገርኋቸው። «አላህ ያሳድግለት» አሉ። መልእክቱን አደራ ስላሉኝ አድርሻለሁ።